ገብሱ የተነቀለበት ማሳ

ሥራ የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በደርግ ዘመን ነው። ከግብርና ማሠልጠኛ ስወጣ ሩቅ አገር ይመድቡኛል ብዬ ስፈራ፣ የደረሰኝ ተወልጄ ካደግኩበት ከመካኒሳ በእግር የሚደረስ፣ በላፍቶና በፉሪ መካከል ያለ የገበሬዎች ማኅበር ሆነ። ዛሬ ፎቅና ሱቅ የሞላው ያ ሜዳ ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እርሻ ነበር። እናቴ ስለቴ ሰመረ ብላ ሀና ማርያም ጃንጥላ አስገባች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቱ እያደረ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ብዙ አልነበረም።

ማኅበሩ በዚያው ዓመት የአምራቾች ኅብረት ሥራ አቋቁሞ ነበር። ከመንገዱ በታች ያለው ሰፊ ጥቁር መረሬ መሬት የጋራ ተብሎ ተከለለ። ከዚያ መመሪያ መጣ፤ ባቄላ ብቻ፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ በመስመር። አንዱን እህል ከሌላው ቀላቅሎ መዝራት የኋላ ቀር ገበሬ ልማድ ነው፤ ይቅር የሚል ነው። መመሪያውን በማኅበሩ አዳራሽ ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አምኜበትም ነበር። በማሠልጠኛ የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ወጥ ማሳ ለማረም ይመቻል፣ ለአጨዳ ይመቻል፣ ምርቱን ለመገመት ይመቻል።

ከጋራው ማሳ አጠገብ፣ አጥር እንኳ ሳይለየው፣ የአንዲት ባልቴት ቁራሽ መሬት ነበር። ሰው ሁሉ በአካባቢው ወግ «አዴ» ይላቸዋል፤ እናትን በአክብሮት እንደ መጥራት ነው። እኔም አዴ አልኳቸው። ባላቸው በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት አንድ ቀን ጠዋት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብለው እንደወጡ የቀሩ ሰው ናቸው። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው እንጂ አዴ አንስተውት አያውቁም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ቃሊቲ አግብታ ትኖራለች። ወደ ኅብረት ሥራው ካልገቡት ጥቂት ሰዎች አንዷ አዴ ነበሩ። ለምን እንዳልገቡ ሲጠየቁ «አርጅቻለሁ፤ ከሰው እኩል መሥራት አልችልም» ይላሉ። ከሰው እኩል ሲሠሩ ግን በየቀኑ አያቸው ነበር።

ሰኔ ላይ ባቄላቸውን ከገብስ ጋር ቀላቅለው ዘሩ። ብቅ ሲል አየሁትና ሄድኩ።

«አዴ፣ መመሪያውን አልሰሙም እንዴ?»

«ስታነቢው ከኋላ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ባቄላ ለብቻው ሲሆን ምች ይፈጀዋል፤ ልጄ። ገብስ መሃል ሲገባለት ይሻለዋል። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትዘራ።»

«ገብሱ ምን ያደርግለታል?»

«እሱን እኔ ምኑን አውቄው። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅሁ። ምች የሚሉት ቅጠሉን የሚያጠቁረውን በሽታ እንደሆነ አውቅ ነበር። የሚያመጣው ፈንገስ እንደሆነም ተምሬአለሁ። ገብስ ከዚያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ማንም አልነገረኝም። ያልተነገረኝ ነገር ደግሞ የለም ብዬ አስብ ነበር።

ነሐሴ እንደገባ ከላይ ጉብኝት ይመጣል ተባለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የጋራውን ማሳ ለማሳየት እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። ድሮ ጭሰኛ የነበረ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን የሚያርገበግብ ሰው ነው። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው። በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ከዚህ ማሳ ለግንባር ስንቅ እናስገባለን ብሎ ቃል ገብቶ፣ ተጨብጭቦለት ነበር። ቢሮዬ መጣና በር ላይ ቆመ።

«መንገድ ዳር ያለው የባልቴቲቱ ማሳ ዝብርቅርቅ ብሎ እንግዳ ፊት አይታይም» አለኝ።

«ገብሱ እኮ ሊያሸት ደርሷል፤ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የልማት ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ። ወይ ታስነቅይዋለሽ፣ ወይ ለምን እንዳልተነቀለ ራስሽ ቆመሽ ታስረጂያቸዋለሽ።»

በነጋታው ስድስት ሰዎች ይዤ ሄድኩ። አዴ ማሳቸው ዳር ቆመው ጠበቁን። አልጮሁም፤ አልለመኑም።

«ይነቀል ካልሽ ይነቀላል» አሉኝ። «ቃሉ ግን ካንቺ አፍ ይውጣ።»

ሰዎቹ አዩኝ። «ይነቀል» አልኩ።

ከታች፣ ከጋራው ማሳ በኩል ጀመሩ። ገብሱ ሲነቀል ሥሩ የባቄላውን ሥር እያናጋ፣ ባቄላው አንዱ ባንዱ ላይ ዘንበል እያለ ቀረ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ከፉሪ ተራራ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ሁላችንም ሮጠን ተጠለልን። የእንግዶቹ መኪና ወንዙን መሻገር አቅቶት ተመለሰ። ጉብኝቱ ቀረ፤ ገብሱን ሊጨርስ የተመለሰም ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁትም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ፀሐይ ጠፋች። ዝናቡ ያካፋል እንጂ አያቆምም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ ማሳው ላይ ይተኛል። እኩለ ቀን ላይ እንኳ በባቄላው መሃል ካለፍኩ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ይርሳል። የጋራው ማሳ ያምር ነበር። ጥቅጥቅ ብሎ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ተነባብሮ፣ መሬቱ እንኳ አይታይም። ሊቀመንበሩ በየቀኑ እየመጣ ቆሞ ያየዋል። የቃሉን ነገር ነው የሚያስበው።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ ከሥር ካሉት ቅጠሎች አንዱን ገልብጬ ሳየው የክብሪት ራስ የምታክል ቡናማ ነጠብጣብ አገኘሁ። ሌላውን ገለበጥኩ፤ አለ። ዐሥር እርምጃ ገባሁ፤ አለ። ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። ቅጠሉን በእጁ ይዞ በአውራ ጣቱ ፈተገው።

«ይታጠባል?» አለኝ።

«አይታጠብም።»

«መድኃኒት?»

«ጠይቄአለሁ። የለም ብለውኛል።»

ቅጠሉን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደከተተው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ነጠብጣቦቹ ሰፉ፣ ተያያዙ፣ ቅጠሉ እንዳለ ጠቆረ። አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ረገፈ። አገዳው ለሰለሰ። ከሩቅ የሚሸት፣ እንደ ረጠበ ጭድ ያለ የብስባሽ ሽታ ሜዳውን ሞላው፤ ቤቴም ይከተለኝ ነበር። ለመስቀል ደመራ ሲደመር የጋራው ማሳ የፈላ ውሃ የደፉበት ይመስል ነበር።

የአዴ ማሳ ታችኛው ግማሽ፣ ገብሱን ያስነቀልኩበት፣ አብሮ ጠቆረ። የላይኛው ግማሽ ግን አረንጓዴ ነው። ምንም አልነካውም አልልም፤ ነጠብጣብ ነበረበት። ቅጠሉ ግን ቆሟል፣ እሸቱም ተንዠርግጓል። የሞተውንና የቆመውን የሚለየው መስመር ሰዎቹ ዝናብ መጣ ብለው የሮጡበት ቦታ ነው። በገመድ የተለካ ይመስል ነበር።

ሰው እየመጣ ቆሞ ማየት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አንዱ፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ «የሷ ለምን ቀረ?» አለ። ጥያቄው ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ መልኩን እየለወጠ ሄደ። ማታ ላይ «የሷ ቀረ፣ የኛ ሞተ» ሆነ። በነጋታው «አንድ ነገር ስትበትን ታይታለች» ሆነ። ከዚያ የባላቸው ነገር ተነሣ፤ የባሏን ደም ልትበቀል ነው ተባለ። ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበር። ሬዲዮው በየቀኑ ይለዋል። ቃሉ አንዴ ሰው ላይ ካረፈ የሚያነሣው አልነበረም።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው አዴ ደጅ ሲቆሙ እኔ ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ። አንደኛው «እትዬ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» ሲል ሰማሁት፤ በትሕትና ነው ያለው። አዴ ላማቸውን አሰሩ፣ የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤታቸው ሰጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። የማኅበሩ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው። ሌላ እስር ቤት አልነበረንም።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ቢሮዬ ገባ። በዚያን ቀን አልቆመም፤ ተቀመጠ።

«ጻፊ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሆን ተብሎ የተበተነ ነገር ነው ብለሽ። የተማረ ሰው ፊርማ ያስፈልገዋል።»

«ማንም የበተነው ነገር እኮ የለም። በሽታ ነው።»

«በሽታ ዘመድ ይለያል? አጥር የሌለው ማሳ አንዱን ገድሎ አንዱን ይተዋል?» ዓይኑን አርገበገበ። «ስሚኝ። እኔ ቃል ገብቻለሁ። ባቄላው የት ሄደ ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? የሆነ ሰው አጠፋው ማለት አለብኝ። እሷ ካልሆነች ያ ሰው ማን ነው የሚሆነው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተናድዶ መስሎኝ ነበር፤ ፈርቶ ነው የመጣው። እንደ እኔው ፈርቶ።

ሐሙስ ዕለት የፍርድ ሸንጎ ተቀመጠ። ሦስት ዳኞች በአግዳሚ ላይ፣ ሰዉ ሣር ላይ። አዴን በመሃል አቆሟቸው። የመጋዘኑ የማዳበሪያ ብናኝ ነጠላቸው ላይ ነበር፤ ያስሉ ነበር።

«ማሳሽ ለምን ሳይሞት ቀረ?» ተባሉ።

«ግማሹ ሞቷል» አሉ። «የጋራውን ልግደል ብል፣ የገዛ ማሳዬን ግማሹን ምን ብዬ እገድላለሁ?»

«ግማሹስ ለምን ቀረ?»

«ገብስ ስላለበት።»

ሰዉ ሳቀ። በሰኔ እኔ የሳቅሁትን ዓይነት ሳቅ። ከታች ያለው ገብስ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። አዴም አልተናገሩም። ነቃዮቹ ስድስት ሰዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ መሃል የተቀመጠው ዳኛ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለሙያዋ ምን ትላለች?»

ተነሣሁ። «ጉዳዩ እየተጠና ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

በሕይወቴ ካልኳቸው ቃላት ሁሉ አፍሬ የማስታውሳቸው እነዚህን ነው። ሸንጎው ሰኞ ዕለት ተከሳሿን ወደ አውራጃ እናስተላልፋለን ብሎ ተነሣ። የአዴ ባል የተወሰዱትም ወደዚያው ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ ጉም ገና ሳይነሣ፣ ብቻዬን ወደ ማሳው ሄድኩ። እየተጠና ነው ብዬ ስለዋሸሁ፣ ቢያንስ ላጥናው ብዬ ነው። ከጋራው ማሳ ዐሥር አገዳ፣ ገብሱ ከተነቀለበት ዐሥር፣ ገብስ ካለበት ዐሥር ነቀልኩ። የታመመውንና ያልታመመውን ቅጠል እየለየሁ ቆጠርኩ። ከዚያ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅሁ። ረፋዱ ላይ ትንሽ ነፋስ ነፈሰ። ገብስ ባለበት በኩል የባቄላውን ቅጠል በመዳፌ ብነካው ደርቋል። በገብሱ ምክንያት ባቄላና ባቄላ አልተነካካም፤ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። ገብሱ በተነቀለበት በኩል ባቄላው ተደጋግፎ ወድቋል፤ እጄን ሳገባ ውሃ ነው። እኩለ ቀን ድረስ አልደረቀም።

ሌላም ነገር አየሁ። ገብሱ ካለበት ግማሽ ዳር ላይ ያሉት ባቄላዎች፣ ከሞተው ጋር የሚዋሰኑት፣ ከሌሎቹ የበለጠ ነጠብጣብ ነበራቸው። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ስገባ ቀነሰ። አምስት እርምጃ ስገባ መፈለግ አስቸገረ። በሽታው የመጣው ከጋራው ማሳ ነው። የማሠልጠኛ ደብተሬ ውስጥ የጻፍኩት ትዝ አለኝ፤ የፈንገሱን ዘር ነፋስና የዝናብ ጠብታ ከቅጠል ወደ ቅጠል ያደርሱታል፣ ለመብቀል ርጥብ ቅጠል ይፈልጋል። ከባቄላ ተነሥቶ ገብስ ላይ ካረፈ ምግቡ አይደለምና እዚያው ይቀራል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። አዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ ሳቅሁባቸው።

ቤት ገብቼ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ቆጠራውን፣ ያየሁትን፣ ቅጠሎቹንም በወረቀት መሃል ተጭኜ አያያዝኩ። መጨረሻው ላይ «ከማሳው ታችኛ ግማሽ ገብሱ እንዲነቀል ያዘዝኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አለቃዬ ቢሮ ሄድኩ። ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም አነበቡ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ።

«ሌላ ሰው አይቶታል?» አሉኝ።

«አላየውም።»

«ጥሩ ሥራ ነው። ምን እንደሚል ግን ታውቂያለሽ? መመሪያው በሽታውን አባባሰው ነው የሚለው። ይህን ብናቀርብ ሴትዮዋ አይወጡም። አንቺ ትገቢያለሽ። ምናልባት እኔም።»

«ሰኞ ያስተላልፏቸዋል።»

ከዚያ ባዶ ወረቀት አውጥተው በራሳቸው እጅ አራት መስመር ጻፉ። በክረምቱ ዝናብ መብዛት የባቄላ ቅጠል በሽታ መከሰቱ፣ በሽታው በነፋስ የሚተላለፍ መሆኑ፣ የሰው እጅ እንደሌለበት በባለሙያ መረጋገጡ። ስለ ገብስ አንዲት ቃል የለም። ስለ መመሪያውም የለም።

«ውሸት አለበት?» አሉኝ።

ደግሜ አነበብኩት። «የለበትም።»

«እንግዲያው ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ማኅተም መቱበት። ሦስቱን ገጾች ከነቅጠሎቹ አልመለሱልኝም።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጣቱን በየቃሉ ሥር እያስኬደ አነበበ። «ዝናብ?» አለ።

«ዝናብ።»

«ማኅተም አለው።» ማኅተሙን ዳሰሰው። «ዝናብን ማን ይከሰዋል!» ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ እስካሁን አልረሳም። መጋዘኑን ራሱ ሄዶ ከፈተ።

አዴ ከዚያ በኋላ ማሳቸው ላይ አልቆዩም። ሳሉ አልለቀቃቸውም፤ ልጃቸው መጥታ ወደ ቃሊቲ ልትወስዳቸው ሆነ። መሬቱ ወደ ጋራው ተቀላቀለ። ሊሄዱ ሲሉ ልሰናበታቸው ገባሁ። ዕቃቸው በሁለት ጆንያ አልቋል።

«አዴ፣ ሸንጎው ላይ ገብሱን ያስነቀልኩት እኔ እንደሆንኩ ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ኖሮ ይለቁኝ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ሁለታችንም እንታሰር ነበር። መጋዘኑ ደግሞ ጠባብ ነው።» ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ቃሉ ሳይወጣልኝ ልጃቸው ጆንያውን ልታነሣ ገባች። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

እኔ ሰኔ ሳይገባ ወደ አቃቂ በኩል ተዛወርኩ። የጠየቅሁት ዝውውር አልነበረም። ከመሄዴ በፊት የቀጣዩን ዘመን ዕቅድ አየሁ፤ ባቄላ ብቻ፣ ያው ዘር፣ ያው ማሳ። ጥፋቱ የዝናቡ ስለሆነ መመሪያው የሚነካበት ምክንያት አልነበረም። ወደ አለቃዬ ሄጄ የሞተው ባቄላ ብስባሽ ገና ማሳው ላይ እንዳለ፣ በሽታው ከዚያው እንደሚነሣ ነገርኳቸው። «ነግረሽኛል፤ ሰምቻለሁ» አሉ። በጽሑፍ ላምጣ ስላቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ሳሪስ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት እጄን ያዘችኝ። የሊቀመንበሩ ሚስት ነበረች። ከስታ ስለነበር ቶሎ አላወቅኋትም።

«ባቄላው ዘንድሮም ሞተ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዘንድሮው ዝናብ ደግሞ ልክ ነበር። ዝናብ ነው ቢላቸው አልሰሙትም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የሚሞተው ያንተ ማሳ ብቻ ነው አሉት።»

«የት ነው ያለው?»

«ለጥያቄ ብለው ወሰዱት። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስንቅ ይዤ ስሄድ እዚህ የለም ይሉኛል።» እጄን ጠበቅ አደረገችው። «ለአዴ የጻፍሽው ወረቀት አስፈትቷቸዋል። ለሱም ጻፊለት፤ እባክሽ እኅቴ።»

አለቃዬ በዚያን ጊዜ ከቦታቸው ተነሥተው ነበር። እኔም በዚያ ማኅበር ላይ ሥልጣን አልነበረኝም። ይህን ሁሉ ልነግራት አስቤ አልነገርኳትም። የዚያኑ ዕለት ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። በዚህኛው ስለ ገብሱም ስለ መመሪያውም ጻፍኩ፤ ስሜን ሙሉ አድርጌ ፈረምኩ፤ ወስጄም ለመዝገብ ቤት ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ቁጥር ሰጠችኝ።

ስለ ወረቀቱ ማንም አልጠራኝም። ደጄ ላይ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እየደነገጥኩ ብዙ ወራት ኖርኩ። ሊቀመንበሩም አልተመለሰም።